ከቃለ መጠይቁ በኋላ አምስት ሳምንት ዝም አሉኝ፤ ልጻፍላቸው ወይስ ልጠብቅ?

ጠባቂ (ማርች 6)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ነገር ግን ያለሁበትን ካልነገርኳችሁ መልሳችሁ አይረዳኝም።

ለዶክትሬት ያመለከትኩት አሜሪካ ውስጥ ባሉ ሰባት የማይክሮባዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች ነው። የአራቱ ማመልከቻ የተዘጋው ዲሴምበር 1፣ የሦስቱ ዲሴምበር 15 ነበር። ሁለቱ ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ፤ አንዱ ጃንዋሪ 23፣ ሌላው ጃንዋሪ 30። ሦስቱ አልተቀበልንሽም ብለው ጽፈውልኛል። የቀሩት ሁለቱ ከዲሴምበር ጀምሮ ድምፃቸው የለም።

እንቅልፍ የነሳኝ የጃንዋሪ 30ው ነው፤ ልቤ ያለው እዚያ ነውና። በአንድ ቀን ከአራት መምህራን ጋር በዙም ተነጋገርኩ፤ ከእያንዳንዳቸው ጋር ግማሽ ሰዓት። ከሦስቱ ጋር ወሬው ራሱ ይዞን ሄደ። አራተኛዋ መምህርት ስለ ማስተርስ ጥናቴ ጥቂት ካዳመጡኝ በኋላ «ባክቴሪያዎችሽ መድኃኒቱን በእርግጥ ተላምደውት ነው ወይስ ቶሎ ሳይሞቱ እየቆዩ ነው? በምን ለየሽው?» አሉኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ከተላመደ እድገቱን የሚገታው ዝቅተኛው መጠን ከፍ ይላል፤ ታግሦ የሚቆይ ብቻ ከሆነ ግን መጠኑ ያው ሆኖ ለመሞት የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል። ይህንን ለታናናሾቼ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረድቻለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ቃል ጠፋኝ። ስክሪኑ ላይ የራሴን ፊት እያየሁ ዐሥር ሰከንድ ያህል ዝም አልኩ። በመጨረሻ «መጠኑን ለክቻለሁ፤ የሚሞቱበትን ጊዜ ግን አልለካሁም» አልኩ። እሳቸውም «እሺ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው አንድ ነገር ጻፉ። ምን ብለው ይሆን የጻፉት እያልኩ ይኸው አምስት ሳምንት ሆነኝ።

የእነሱ የሥራ ሰዓት የእኔ ሌሊት ነው። ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ። ባለፈው ሳምንት የዩኒቨርሲቲው ስም ያለበት መልእክት ሌሊት ገባ። ተነሥቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፤ ለመክፈት ድፍረት እስካገኝ ብዙ ቆየሁ። ስከፍተው «የማመልከቻ አሞላሉን እንዴት አገኙት?» የሚል መጠይቅ ነበር። እስኪነጋ ዓይኔ አልተከደነም።

ፖርታሉ ላይ ያለው ቃል ከጃንዋሪ ጀምሮ አልተለወጠም፤ «ማመልከቻዎ በግምገማ ላይ ነው» ይላል። አመልካቾች ውጤታቸውን በሚለጥፉበት ድረ ገጽ ላይ ግን ከዚሁ ትምህርት ክፍል ፌብሩዋሪ 13 ተቀበሉኝ ያለ ሰው አይቻለሁ።

በዚህ ላይ የምሠራበት ቤተ ሙከራ ውሌን ለአንድ ዓመት ማደስ አለማደሴን እስከ ማርች መጨረሻ እንዳሳውቅ ጠይቆኛል። የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉልኝ አማካሪዬ ባገኙኝ ቁጥር «ምን አሉሽ?» ይሉኛል። የምመልሰው ስላጣሁ አሁን አሁን በሌላኛው ደረጃ መውጣት ጀምሬያለሁ፤ ለእኔ ከደከመ ሰው መሸሼ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል።

ዝምታው እምቢታ ነው? ብጽፍላቸው ይከፋቸዋል? የምጽፍስ ከሆነ ለማን?


ሦስተኛ ዓመት (ማርች 6)

እህቴ፣ አምስት ሳምንት እምቢታ አይደለም። እኔ ቃለ መጠይቅ ያደረግኩት ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ተቀብለንሃል የሚለው ደብዳቤ የደረሰኝ ኤፕሪል 14 ነው። በመካከሉ አንዲት መስመር አልጻፉልኝም።

ያ ቀን እንዲሁ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት የሚያስተባብረው የኤፕሪል 15 ስምምነት የሚባል አለ። የፈረሙት ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ያቀረቡለትን ተማሪ ከዚያ ቀን በፊት «ቁርጥህን ተናገር» ብለው አያስገድዱትም። ስለዚህ ሦስት ቦታ ያገኘ ሰው ሦስቱንም ይዞ እስከ ሚያዝያ 7 ድረስ ማሰብ ይችላል። አንዱን መርጦ ሁለቱን ሲለቅ ነው ወረፋው የሚንቀሳቀሰው፤ ብዙው ደግሞ የሚለቀው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። የእኔን ቦታ የለቀቀልኝ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስልኩን ግን እባክሽ ከትራስሽ ሥር አውጪው። እኔ ሁለት ወር በቅጡ ሳልተኛ ቆይቼ ደብዳቤው ሲመጣ ለመደሰት እንኳን አቅም አጣሁ፤ እናቴ ስልክ ላይ ስታለቅስ እኔ ዝም ብዬ እሰማት ነበር። ሌሊት የገባ ደብዳቤ ጠዋትም እዚያው ይቆይሻል። በሌሊት መልሺ የሚልሽ የለም።


ፋይል አንባቢ (ማርች 7)

በአንድ ትምህርት ክፍል ውስጥ የተማሪዎች ቅበላ አስተባባሪ ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በበሩ ውስጥ የሚሆነውን ብታውቂ ሌሊቱ ትንሽ ይቀልልሽ ይሆናል።

አመልካች ከቃለ መጠይቅ በኋላ ያለውን ጊዜ ስለ እሱ የሚከራከሩበት ይመስለዋል። በእኔ ልምድ ስለ ሰዎቹ የሚደረገው ክርክር በቀናት ውስጥ ያልቃል። የተቀረው ጊዜ የሚሄደው በገንዘብ ነው። በሳይንስ ዘርፍ ዶክትሬት ተማሪ ወንበር ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ለአምስት ዓመት ገደማ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት የኑሮ ድጎማ ይከፈለዋል። የመጀመሪያውን ዓመት ብዙ ጊዜ ትምህርት ክፍሉ ይሸከመዋል፤ ከዚያ በኋላ አማካሪው ከምርምር ገንዘቡ ይከፍላል። አማካሪው የምርምር ገንዘቡ ይታደስለት አይታደስለት ካላወቀ፣ ተማሪውን እየወደደው እጁን ማውጣት አይችልም።

አንቺን በቀጥታ የሚነካ ሌላ ነገር አለ። በሕይወት ሳይንስ ብዙ ተማሪዎች የሚደገፉበት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሥልጠና ገንዘብ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣ ተማሪ ከሌላ ኪስ መከፈል አለበት፤ ያ ኪስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 13 ተቀበሉኝ ያለው ሰው ከአንቺ ጋር በአንድ ሰልፍ ላይ ላይሆን ይችላል። ከእሱ ጋር ራስሽን አታወዳድሪ።

በ2025 ደግሞ የሆነውን ሰምተሻል። በፌብሩዋሪ ወር እነዚሁ የጤና ተቋማት ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡትን የአስተዳደር ወጪ ክፍያ ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ እንደሚገድቡ አስታወቁ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። ገንዘቡ ይኑር አይኑር ሳይታወቅ በቆየበት በዚያ ወቅት አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉትን ቁጥር ቀነሱ፤ ተቀብለናችኋል ካሉ በኋላ የሰረዙም ነበሩ። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮሚቴዎች ከመቸኮል ዘግይተው እርግጠኛ መሆንን እንደሚመርጡ እንድታውቂ ነው።

ዝም የሚሉበትንም ምክንያት ልንገርሽ። የመጀመሪያው ዙር ደብዳቤ ይወጣል። በእርግጥ የማይፈልጓቸውን ይሸኛሉ። በመካከል ያሉትን «ከተጠሩት አንዱ እምቢ ካለ እንጠራቸዋለን» ብለው ይይዟቸዋል። እነሱን ተጠባባቂ ናችሁ ብሎ በግልጽ የሚጽፍ ክፍል አለ፤ የማይጽፍም አለ። አለመጻፉ ልክ አይደለም። እኔም በነበርኩበት ቦታ ሁለት ዓመት ተከራክሬ ነው እንዲጻፍ ያደረግኩት፤ ሰውን ያለ መልስ ማስቀመጥ ጭካኔ ነው።

ስለ መምህርቷ ማስታወሻ፦ እንደዚህ ያሉ ብዙ ማስታወሻዎች አንብቤያለሁ። አመልካቹን የሚጎዳው ያልሠራውን እንደሠራ ማስመሰሉ ነው። «አልለካሁም» ያለ ሰው ላይ ክፉ ነገር ተጽፎ አላየሁም።

አሁን ጻፊላቸው። አምስት ሳምንት ለመጠየቅ በቂ ነው፤ ማንም አይከፋውም። የምትጽፊው ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ነው፤ ለመምህራኑ አይደለም። መምህራኑ ቢያውቁ እንኳን ለመናገር ፈቃድ የላቸውም፤ በማይመልሱት ጥያቄ ታስጨንቂያቸዋለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከአምስት መስመር ሳይበልጥ።


ሁለቴ ያመለከተ (ማርች 7)

ከላይ የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ሌላውንም ወገን ልናገር፤ እኔን ማንም አልነገረኝምና።

በመጀመሪያው ዓመት ስምንት ቦታ አመልክቼ ስምንቱም አልተቀበሉኝም። ከእነዚህ በአንዱ ቃለ መጠይቅ አድርጌ እንዳንቺ ዝም ብለውኝ ነበር። በተስፋው ታስሬ የተሰጠኝን ሥራ ሳልቀበል ቀረሁ። እምቢታው የመጣው ሜይ ውስጥ ነው፤ ሥራውም ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ዝምታው እምቢታ ነው አልልሽም፤ በመጀመሪያው ዙር እንዳልጠሩሽ ግን ቁጠሪው። ስለዚህ ውልሽን ፈርሚ። ከመፈረምሽ በፊት የማስጠንቀቂያ ጊዜው ስንት እንደሆነ አንብቢ፤ አንድ ወር ከሆነ ምንም አያግድሽም፤ ትምህርቱ የሚጀምረው በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር ነው።

ለአማካሪሽም እውነቱን ንገሪያቸው። «ገና አልመለሱልኝም» ማለት በቂ ነው። እኔ ከአስተማሪዬ ስሸሽ ከርሜ በመጨረሻ ሳገኛቸው፣ እሳቸው በሦስተኛው ሙከራ እንደገቡ ነገሩኝ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ምናልባት ለሁለተኛ ንግግር ቢጠሩሽ፣ አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ታስኬዳለች፤ አውሮፓ በማርች የመጨረሻ እሑድ። እኔ ይህን ሳላውቅ ዙም የከፈትኩት መምህሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቀው ከሄዱ በኋላ ነበር።


ጠባቂ (ማርች 8)

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የፋይል አንባቢን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ገንዘቡ ማንም እንዲህ አብራርቶልኝ አያውቅም። ይህንን ጽፌያለሁ፤ ከመላኬ በፊት እዩልኝ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጃንዋሪ 30 ቃለ መጠይቅ ካደረግኩ በኋላ ውጤቱን በከፍተኛ ጭንቀት ስጠባበቅ ቆይቻለሁ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ ስለማውቅ ለማስቸገሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፕሮግራማችሁ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ማመልከቻዬ ያለበትን ደረጃ ብትነግሩኝ፣ ውሳኔውስ መቼ ገደማ እንደሚታወቅ ብትጠቁሙኝ፤ እስከ ማርች 31 ለአሠሪዬ መልስ መስጠት አለብኝ።»


ፋይል አንባቢ (ማርች 8)

ጭንቀቱን አውጪው፤ ይቅርታውንም አውጪው። የጠየቅሽው ሥራቸውን ነው። «የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው» የሚለው እውነት ከሆነ ይቆይ፤ ተጠባባቂ ሲመርጡ በእርግጥ የሚመጣውን ሰው ይፈልጋሉ። ለሁለት ቦታ ግን እንዳትጽፊው። የማርች 31ዱ ቀን መልካም ነው፤ የሚመልስልሽ ሰው ደብዳቤሽን ዛሬ የሚከፍትበት ምክንያት ያገኛል። በእነሱ ማክሰኞ ጠዋት እንዲደርስ አድርጊ፤ ሰኞ የተላከ በቅዳሜና እሑድ ክምር ሥር ይቀበራል።


ጠባቂ (ማርች 13)

ማክሰኞ ላክሁ፤ ረቡዕ መለሱልኝ። ተጠባባቂ ነኝ። ኮሚቴው በጥሩ ዓይን እንዳየኝ፣ መጀመሪያ የተጠሩት መልስ እስኪሰጡ አዲስ ነገር ሊነግሩኝ እንደማይችሉ፣ ከኤፕሪል 15 በኋላ ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም እንደሚያሳውቁኝ ጽፈውልኛል። የጃንዋሪ 23ቱ ክፍል ደግሞ በዚያው ዕለት ሳይቀበለኝ ቀረ። አለቀስኩ። ግን ያነበብኩት ጠዋት ነበር፤ ስልኩ አሁን የሚያድረው ሳሎን ነው።

ውሉን ፈርሜያለሁ፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜው አንድ ወር ነው። ለአማካሪዬም ነገርኳቸው። «ታዲያ ያልለካሽውን ነገር ለምን አትለኪውም?» አሉኝ። የማስተርሴ ባክቴሪያዎች ማቀዝቀዣው ውስጥ አሉ። ሰኞ ጠዋት መድኃኒቱን ጨምሬ በየሁለት ሰዓቱ ናሙና እያወጣሁ እስከ ማታ ስንቱ በሕይወት እንዳለ እቆጥራለሁ፤ ሦስት ጊዜ መደገም አለበት።

ፋይል አንባቢ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ውጤቱ ከኤፕሪል 15 በፊት ከደረሰ ለእነሱ ልልከው እችላለሁ ወይስ አንድ ጊዜ ብቻ ያልከኝ ይህንንም ይጨምራል?


ፋይል አንባቢ (ማርች 13)

አንድ ጊዜ ያልኩት ለጥያቄ ነው። ይህ ለፋይልሽ የሚጨመር አዲስ ሥራ ነው፤ ላኪው። ለአስተባባሪው በሦስት መስመር፣ ከአንድ ግራፍ ጋር፤ ጥያቄውን ያነሱት መምህርት ማን እንደነበሩም ጥቀሺ፤ ለእሳቸው ያደርሱላቸዋል። ሦስቱም ድግግሞሽ ሳያልቅ ግን እንዳትልኪ።