አባዬ ቢሲጂ ይጀምር ወይስ ፊኛው ይውጣ? ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ታላቋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። አባዬ 67 ዓመቱ ነው። ሽንቱ ላይ ደም ታየ። ስላላመመውና ስላላቃጠለው ናቀው። ደሙ ጠፍቶ እንደገና ሲመጣ በግድ ወሰድነው። በካሜራ ሲታይ ፊኛው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። በሽንት ቧንቧው በኩል ገብተው ፍቀው አወጡለት፤ ናሙናውም ተመረመረ።

ውጤቱ "ቲ1፣ ሃይ ግሬድ" ይላል። ከሥሩ ደግሞ "በናሙናው ውስጥ የፊኛ ጡንቻ አልተገኘም" የሚል አንድ መስመር አለ። ስለዚህች መስመር ማንም ምንም አላለንም።

ሐኪሙ ሁለት መንገድ ነገረን። አንደኛው ቢሲጂ የሚባል መድኃኒት በየሳምንቱ ፊኛው ውስጥ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ፊኛውን ጨርሶ ማውጣት። "ተመካከሩበት" ብሎ ሸኘን። ስንመካከር ደግሞ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ወንድሜ "ካንሰር እኮ ነው፣ ይውጣና እንገላገል" ይላል። እማዬ ስለ ሽንት ከረጢቱ ከሰማች ጀምሮ እንባዋ አልደረቀም። አባዬ ራሱ "እናንተ እንዳላችሁ" ብሎ ዝም። በሕይወቱ "እናንተ እንዳላችሁ" ብሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ከምርመራው ውጤት በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ሲጋራውንም አልተወም። "አሁን ብተወው ምን ይፈይዳል?" ነው መልሱ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እንዴት ወሰናችሁ?

ነርሷ፦

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ሐኪም አይደለሁም፤ የዩሮሎጂ (የሽንት አካላት ሕክምና) ክፍል ነርስ ነኝ። የኔ ሐሳብ፦ ቢሲጂ ወይስ ቀዶ ጥገና የሚለው ክርክር ጊዜው ገና ነው። መጀመሪያ ያቺ ማንም ምንም ያላላት መስመር መልስ ታግኝ።

የፊኛ ግድግዳ ድርብርብ ነው። ከውስጥ ስስ ሽፋን አለ። ከሥሩ ለስላሳ ሥጋ፣ ከዚያ ደግሞ ወፍራሙ ጡንቻ ይመጣል። ቲ1 ማለት ካንሰሩ ሽፋኑን አልፎ ለስላሳው ሥጋ ላይ ደርሷል፣ ጡንቻው ግን አልተነካም ማለት ነው። "ሃይ ግሬድ" ደግሞ ኃይለኛው ዓይነት ነው ማለት ነው። ታዲያ ናሙናው ውስጥ ጡንቻ ከሌለ አለመነካቱ በምን ታወቀ? መርማሪው ያልደረሰውን ነገር ደህና ነው ሊል አይችልም። ለዚህ ነው እንዲህ ሲሆን ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያው ቦታ እንደገና የሚፋቀው። በሁለተኛው ጊዜ የተረፈ ዕጢ መገኘቱ የተለመደ ነው። አንዳንዴም ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

ጡንቻ ውስጥ ከገባ ስሙ ቲ2 ይሆናል፤ የቢሲጂ ነገርም እዚያ ላይ ያበቃል። ቢሲጂ ጡንቻ ውስጥ ላለ ካንሰር አይሆንም። ያኔ የሚነሳው ሌላ ምርጫ ነው። አንዱ መጀመሪያ ኬሞ ወስዶ ከዚያ ፊኛውን ማውጣት ነው። ሌላው ዕጢውን በተቻለ መጠን ፍቆ ጨረርና ኬሞ አንድ ላይ እየሰጡ ፊኛውን ማትረፍ ነው። የኋለኛው ለሁሉም አይሆንም። ዕጢው አንድ ከሆነ፣ ኩላሊቱ ሽንት ቋጥሮ ካላበጠ፣ ፊኛውም በደንብ የሚሠራ ከሆነ ነው የሚመረጠው። ለኬሞው ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሲስፕላቲን ኩላሊትን ስለሚጎዳ የኩላሊት ምርመራ ይቀድማል። ጆሮንም ይነካል፤ አባትሽ የመስማት ችግር ካለበት አስቀድማችሁ ተናገሩ።

በሁለተኛው ፍቂያም ቲ1 ብቻ ከሆነ ብዙዎች በቢሲጂ ይጀምራሉ። ግን አሁንም የተረፈ ቲ1 ካለ፣ ወይም ሲ.አይ.ኤስ የሚባለው ጠፍጣፋ ካንሰር አብሮ ከተገኘ፣ ወይም ካንሰሩ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ከታየ፣ ሐኪሙ "አሁኑኑ ይውጣ" ቢል አይፍረዱበት። ምክንያት አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። የናሙናውን ስላይድ ሌላ ፓቶሎጂስት (ናሙና መርማሪ ሐኪም) እንዲያየው መጠየቅ መብታችሁ ነው። ማንም አይቀየምም። ቢቀየምም ይቀየም።

ቢሲጂ የወሰድኩት፦

ልጄ፣ አይዞሽ። የአባትሽ ዓይነት ነበር የኔም፤ ሁለተኛ ተፋቅሁና ጡንቻው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቢሲጂ ጀመርኩ።

ስሙን ሰምታችሁት ይሆናል፤ ያው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። የተዳከመ ጀርም ነው። ፊኛ ውስጥ ሲገባ የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅሳል፤ መከላከያው ካንሰሩንም አብሮ ያጠቃል። ለፊኛ ካንሰር መጥቀሙ መጀመሪያ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ አዲስ ሙከራ አይደለም። በካቴተር፣ በቀጭን ቱቦ ማለት ነው፣ ያስገቡታል፣ 2 ሰዓት ያህል ትይዢዋለሽ፣ ከዚያ በሽንት ታስወጪዋለሽ። በሳምንት አንዴ ለ6 ሳምንት ነው። ይህ ግን መጀመሪያው ነው። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ከዚያ በ3ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛው ወር እያለ እስከ 3 ዓመት ድረስ የሦስት የሦስት ሳምንት ዙር አለ። መድኃኒቱ በዓለም ደረጃ እጥረት የሚያጋጥመው ነገር ነው፤ እስከ መጨረሻው ይገኛል ወይ ብላችሁ ሳትጀምሩ ጠይቁ።

ሕመሙ? መድኃኒቱ የገባ ዕለትና በማግስቱ ሽንት ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ያስሮጣል፣ ትኩሳት ቢጤም አለ። ቤት ስትገቡ ለ6 ሰዓት ያህል ቁጭ ብሎ ይሽና፤ ከሸና በኋላ መጸዳጃው ላይ በረኪና ይፈሰስና ጥቂት ቆይቶ ይታጠብ። ትኩሳቱ ከ38.5 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ ግን "የመድኃኒቱ ጠባይ ነው" ብላችሁ አትተኙ፤ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሽንቱ ደም እያሳየ ወይም ኢንፌክሽን እያለበትም አይሰጥም፤ ቀጠሮው ይገፋ።

ለኔ ከመድኃኒቱ ይልቅ የከበደኝ የካሜራ ቀጠሮ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 ወሩ ይታያል። ቀኑ ሲቃረብ ሰው አላናግርም፤ ባለቤቴ ለምዳዋለች።

ባለ ከረጢቱ፦

ቢሲጂ አልያዘልኝም፣ ፊኛዬ ወጣ። ስለዚህ እናትሽ የምታለቅስለት ሰውዬ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ በይልኝ።

እምብርት አጠገብ፣ ወደ ቀኝ፣ ከአንጀት ቁራጭ የተሠራች፣ ሽንት የሚወጣባት ቀይ ቀዳዳ አለች። ስቶማ ይሏታል። ስትነካ አታምም። ከረጢቱ እላይዋ ላይ ይለጠፋል፤ በየጥቂት ቀኑ ይቀየራል፣ ማታ ትልቅ ከረጢት ይቀጠልለታል። ከልብስ በታች አይታይም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ቦታው ተቀምጦም ቆሞም ምልክት ይደረግበት፤ ቀበቶ የሚውልበት ላይ ከሆነ ዕድሜ ልክ ያስመርራል።

ከረጢት የማይፈልግ ሰው ከአንጀት ፊኛ ሊሠራለት ይችላል። ስሙ ያምራል። ግን የመሽናት ስሜቱ እንደ ድሮው አይደለም፤ በሰዓት ነው የሚሸናው፣ ሌሊትም ጭምር። ሌሊት ሊያመልጥ ይችላል። አንዳንዱ ራሱ ካቴተር እያስገባ ነው የሚያወጣው። ጥሩ ኩላሊትም ይጠይቃል። እኔ እንቅልፌን መረጥኩ።

ሰው አፍሮ የማይናገረውንም ልናገር። ወንድ ላይ ፕሮስቴቱም አብሮ ይወጣል፤ የአልጋ ነገር ይጎዳል። ነርቩን ማትረፍ ይቻል እንደሆነ አባትሽ ራሱ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ልጅ ፊት አይጠይቅምና ብቻውን ይግባ።

ለወንድምሽ፦ "ይውጣና እንገላገል" የሚባል ነገር የለም። ትልቅ ኦፕራሲዮን ነው፣ ለማገገም ወራት ይፈጃል፣ ክትትሉም አይቀርም። ካስፈለገ ግን አትጎትቱት፤ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ከተገኘ ከ3 ወር በላይ መዘግየት ጉዳት አለው። ሲጋራውን በተመለከተ፦ ይፈይዳል። ለቁስሉ መዳንም፣ ካንሰሩ እንዳይመለስም።

ታላቋ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩና ስለ መስመሯ ጠየቅሁ። ሁለተኛ ፍቂያ ተቀጠረለት፣ የሆድ ሲቲ ስካንም ታዘዘ። ስለ ቢሲጂ የምናወራው ከዚያ ውጤት በኋላ ነው ተባልን። ወንድሜ ለጊዜው ዝም ብሏል።

የጻፋችሁትን ለአባዬ አነበብኩለት። ሲጋራው ላይ ስደርስ ፊቱን አዞረ። የባለ ከረጢቱን ግን ድገሚልኝ አለና "መኪና ይነዳል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" አለኝ።

ባለ ከረጢቱ፦

ይነዳል። ቁስሉ ድኖ ሐኪሙ ሲፈቅድለት ነው። የመቀመጫ ቀበቶው ስቶማዋን እንዳይጫናት ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ያድርገው። ረጅም መንገድ ከሆነ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ከረጢቱን ባዶ ያድርግ፣ ቅያሪም ይያዝ፤ ቅያሪውን መኪናው ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተወው፣ ማጣበቂያው ይበላሻል።