ከመርካዝ ክሊታ ለምትወጡ፦ የጸሎት ቤት፣ የትምህርት ቤትና የእርዳታ ቦታ ጥቆማ

ከመርካዝ ክሊታ፣ ማለትም እስራኤል ውስጥ አዲስ ገቢዎች ከሚያርፉበት ማዕከል፣ ወጥተው ቤት የሚፈልጉ የቤተ እስራኤል ዘመዶች ሲበዙ ጥያቄውም በዝቷል። የት ከተማ እንግባ? ልጆቹን የት እናስመዝግብ? ሰንበት የት እንጸልይ? ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጸሎት ቤት የእኛ ሰው ቢበዛበት ደስ ይለኛል። ትምህርት ቤት ግን በእኛ ልጆች ብቻ ከተሞላ እሸሻለሁ። ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚሠራው። ልጁን የአጎቱ ልጆች ሁሉ ወዳሉበት ክፍል ይወስዳል። ወላጁ ራሱ ደግሞ ሰንበት ጠዋት ስሙን የሚያውቅ ሰው በሌለበት ቤት ክኔሴት (ምኩራብ) ጥግ ይዞ ተቀምጦ፣ ማንንም ሳያናግር ይመለሳል።

እንግዲህ ከጸሎት ቤት ልጀምር። ሦስት ዓይነት አለ።

አንደኛው የቄሶች፣ የእኛ የቤተ እስራኤል ካህናት፣ ጸሎት ቤት ነው። እናትና አባታችሁ አብረዋችሁ ካሉ ሌላ አትፈልጉ። ጸሎቱ በግዕዝ ነው፣ በአገውኛ የሚባልም አለ። ኦሪቱ የሚነበበው ከግዕዙ ነው። ሰንበት ጠዋት ሂዱና እዩት። እናቶች ነጭ ለብሰው፣ ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልለው ይመጣሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ቄሱ ዳቦውን ይባርካሉ፣ ይቆረሳል፣ ለሁሉም ይዳረሳል። ከዚያ ጨዋታ ነው፤ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን ልጅ ከጦሩ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ከቤት ያልወጡ አባት እዚያ ሲያወሩ ብታዩአቸው ሌላ ሰው ናቸው።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። እዚህ ተወልዶ በዕብራይስጥ ያደገ ልጅ አንድ ቃል አይገባውም። ሲዱር (የጸሎት መጽሐፍ) ይዞ ገጽ መቁጠር የለመደ ወጣት ግራ ይጋባል፣ በሦስተኛው ሰንበት ይቀራል። ቦታውም ሁሌ ቆንጆ አይደለም። ሚክላት (የቦምብ መጠለያ) ውስጥ ወይም ማትናስ (የሰፈሩ ማኅበረሰብ ማዕከል) በሰጠው አንድ ክፍል የሚጸለይበት ሰፈር አለ። ቄስ ያለበት ከተማም ሁሉም አይደለም። ስለዚህ ቤት ከመፈረማችሁ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ።

ሁለተኛው በእኛ ራቢዎች የሚመራው ቤት ክኔሴት ነው። ራቢዎቹ የሺቫ (የኦሪት ትምህርት ቤት) የተማሩ የእኛ ልጆች ናቸው። ጸሎቱ በዕብራይስጥ፣ ብዙ ቦታ በስፋራዲ ሥርዓት ነው፤ ስብከቱ በሁለቱም ቋንቋ ይሄዳል። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ልጁ በትምህርት ቤት የተማረውን እዚያ ያገኘዋል፣ አባትየውም በአማርኛ የሚጠይቀው ሰው አያጣም። ባር ሚጽቫ፣ ልጁ 13 ዓመት ሲሞላ የሚደረገው ሥርዓት፣ ሲደርስ ደግሞ ማን ያስተምረው ብላችሁ አትጨነቁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከትልልቆቹ ብዙዎቹ ራባኑት (የመንግሥቱ የራቢዎች መሥሪያ ቤት) ሲባል ፊታቸው ይቀየራል። ምክንያት አላቸው። ዋናው የስፋራዲ ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አይሁድነታችንን አጽድቀው፣ በ1975 አይሁዶች እስራኤል እንዲገቡ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ይመለከታችኋል ተብሎ ሳለ፣ በ1984 እና 1985 በሱዳን በረሃ አልፈው የደረሱት ሰዎች ለማግባት እንደ አዲስ አይሁድ ገቢ ውኃ ውስጥ ተጠመቁ ተባሉ። በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ከዋናው ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል የተቀመጡት እነዚህ ናቸው። አባታችሁ «እኔ ቄሴ ጋ እሄዳለሁ» ካሉ አትከራከሯቸው። እናንተ ወደ አንዱ፣ እሳቸው ወደ ሌላው ብትሄዱ ቤት አይፈርስም።

ሦስተኛው የሰፈሩ ቤት ክኔሴት ነው፤ የሞሮኮ፣ የየመን፣ የአሽከናዚ፣ የተገኘው። ለዕለት ጸሎት ቅርብ መሆኑ ጥሩ ነው። ለቅሶ ሲመጣ ግን ብቸኝነቱ ይታወቃችኋል። ከዚህ ውጭ የሆነ አንድ ቦታ ግን ልጥቀስ። ኪርያት ጋት ውስጥ ቅዱሼይ እስራኤል የሚባል ቤት ክኔሴት አለ። ያቋቋሙት ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፉ የአውሮፓ አይሁዶች ናቸው። ራቢው ግን የእኛው ራቢ ሻሮን ሻሎም ናቸው። እዚያ አካባቢ የምትገቡ ከሆነ አንድ ሰንበት ሂዱ። መደባለቅ በጸሎት ቤትም ሊሠራ እንደሚችል ያየሁት እዚያ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ቦታ በየሰፈሩ አይገኝም።

ስለ ጋብቻ አጭር ነገር። ቄሱ ቢመርቁም ምዝገባው በራባኑት በኩል ካላለፈ የመንግሥት ወረቀት የለም። የሰፈራችሁ ሞአጻ ዳቲት (የሃይማኖት ምክር ቤት) ካመላለሳችሁ ጾሃር የሚባለው የራቢዎች ድርጅትና ኢቲም በዚህ ጉዳይ ይረዳሉ። ኢቲም በተለይ ወረቀት ለሚጎድለውና ጊዩር (ወደ አይሁድነት የመግባት ሥርዓት) ላይ ላለ ሰው ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ትምህርት ቤት።

ቤት ስትገዙ ትምህርት ቤትም እየገዛችሁ ነው። አንደኛ ደረጃ የሚመደበው ኢሪያው (የከተማው ማዘጋጃ ቤት) በከለለው አካባቢ ነው። ኪርያት ሞሼ ሬሆቮት ውስጥ ወይም ከኔታንያ ሰፈሮች በአንዱ ቤት የገዛ ሰው ልጁ የት እንደሚማር ግማሹን ወስኗል። እናም ቤቱን ብቻ አትዩ። በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ቆማችሁ ግቢውን ተመልከቱ። የሚጫወቱት ልጆች ማን ናቸው? የእኛዎቹ ለብቻቸው አንድ ጥግ ይዘዋል ወይስ ኳሱን አብረው ይራገጣሉ? ከዳይሬክተሩ ገለጻ ይልቅ ይሄ ብዙ ይነግራችኋል።

ዓይነቶቹ እነዚህ ናቸው። ማምላክቲ የመንግሥት ዓለማዊው ነው። ማምላክቲ ዳቲ የመንግሥት ሃይማኖታዊው ነው። በ1980ዎቹ የመጡት ልጆች በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ዳቲ ነበር የተላኩት፤ ወላጅ አልተጠየቀም። ዛሬ ምርጫው የእናንተ ነው። ጊዩር ሂደት ላይ ያለ ቤተሰብ ግን ልጆቹን ዳቲ እንዲያስገባ ይጠበቃል፣ ይህን ራቢያችሁን ሳትጠይቁ አትለውጡ።

ዳቲው ለቤታችን ሥርዓት ይቀርባል። ሰንበት ይከበራል፣ ምግቡ ኮሸር ነው፣ ልጁ ለአባቱ ነጠላና ለእናቱ ጾም አዲስ አይሆንም። ችግሩ በአንዳንድ ከተማ የነጮቹ ልጆች ወደ ግል ዳቲ ሄደው የመንግሥቱ ዳቲ ለእኛ ብቻ መቅረቱ ነው። ግሎቹ «ሙካር» የሚባሉት ናቸው፦ መንግሥት ያውቃቸዋል፣ ገንዘብም ይሰጣቸዋል፣ ግን የሚቀበሉትን ለመምረጥ ይሞክራሉ፣ ከወላጅም ብዙ ይጠይቃሉ። በ2009 ፔታህ ቲክቫ ውስጥ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች የእኛን ልጆች አንቀበልም ብለው አገር ተንጫጭቷል፤ የትምህርት ሚኒስቴር በጀታችሁን እቆርጣለሁ እስከማለት ደርሶ ነበር። ስለዚህ «ቦታ የለንም» ሲሏችሁ በቃል አትመለሱ። በጽሑፍ ስጡኝ በሉ።

ማምላክቲው ብዙ ጊዜ የበለጠ ድብልቅ ነው። ሃይማኖቱን ግን እቤት ራሳችሁ መያዝ አለባችሁ። ቄስ ወይም ራቢ ያለው ሰፈር ከሆነ፣ ልጁም ሰንበት ጠዋት አብሯችሁ ከወጣ፣ እኔ አልፈራውም።

የትኛውንም ብትመርጡ ለዳይሬክተሩ አራት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ክፍሉ ውስጥ ስንት የእኛ ልጆች አሉ? አማርኛ የሚችል ሰው ትምህርት ቤቱ ውስጥ አለ? ስግድን፣ የእኛን የጾምና የጸሎት በዓል፣ እንዴት ታከብራላችሁ? ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል ነው። እንጀራ አስቀምሶ ፎቶ የሚያነሳ ትምህርት ቤትና ቄስ ጠርቶ ልጆቹን ስለ ኦሪቱ የሚያስጠይቅ ትምህርት ቤት አንድ አይደሉም።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ ሃካባጻውን፣ የደረጃ ቡድኑን፣ ማን ነው የሚወስነው? ይህን ነገር ከአገር ቤት የመጣ ወላጅ አያውቀውም፣ ማንም አይነግረውም። መካከለኛ ደረጃ ላይ ልጆችን በሒሳብና በእንግሊዝኛ በደረጃ ይከፍሏቸዋል። ዝቅተኛው ቡድን የገባ ልጅ ባግሩቱን (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናውን) በሦስት ዬሂዶት (ዝቅተኛው የፈተና ደረጃ፤ ከፍተኛው አምስት ነው) ሒሳብ ይጨርሳል። ወረቀቱን ያገኛል፣ ቤተሰቡ ይደግሳል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው የፈለገውን ትምህርት ይከለክለዋል። አምስት ዬሂዶት ሊሠራ የሚችል ልጅ ዕብራይስጡ ስለዘገየ ብቻ ታች ሲቀር ስንት አይተናል። ሰባተኛ ክፍል ሲገባ «ከፍ ብሎ ይሞክር» ብላችሁ ተከራከሩ። ቢያቅተው መውረድ ይቻላል፣ መውጣቱ ነው ከባድ። አማርኛንም በባግሩት መፈተን ይቻላል፤ እቤት የሚናገር ልጅ ለምን ይለፈው?

ሂኑኽ መዩሃድ ወይም ልዩ ትምህርት ይግባ ሲሏችሁ ደግሞ ያለ አስተርጓሚ አትፈርሙ። የ12 ዓመት ልጃችሁም አስተርጓሚ አይሁን። በ2018 የተሻሻለው ሕግ ኮሚቴው መብቱን ካጸደቀ በኋላ ልጁ በመደበኛ ክፍል ከእገዛ ጋር፣ በልዩ ክፍል ወይም በልዩ ትምህርት ቤት ይማር የሚለውን ምርጫ ለወላጅ ሰጥቷል። ፈተናው ልጁን ያልመዘነው ከመሰላችሁ ኢየሩሳሌም ያለውን የፎየርስታይን ተቋም ጠይቁ። በሙሴ ዘመቻ፣ በ1984 እና 1985 ከሱዳን በአየር፣ ከመጡት ልጆች ጋር የሠሩ ናቸው። ልጁ አሁን የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን ሲያስተምሩት ምን ያህል እንደሚማር ያያሉ።

አዳሪ ትምህርት ቤት ላይ ሰው ለሁለት ይከፈላል። ዓሊያት ሃኖዓር የሚባለው የወጣቶች ድርጅት በ1933 የጀርመን ልጆችን ለማዳን የተጀመረ ነው፤ በእኛ ዘመን ደግሞ አብዛኛውን ወጣት ወደ አዳሪ አስገባ። የተማረበት ተማረበት። ግን አባት ልጁን በበዓል ብቻ እያየ ሥልጣኑን ያጣበት ቤትም ብዙ ነው። እኔ የምለው፦ ቤቱ ጠባብ ከሆነና ሰፈሩ ልጁን እየጎተተው ከሆነ አዳሪ ጥሩ ነው። «ሁሉም ልኳል» ብሎ መላክ ግን አይሆንም።

ከተላከ፣ ዳቲ ለሚፈልግ የሚን ኦርድን እመርጣለሁ። ከሃይፋ በታች ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ነው፣ በ1953 የተከፈተ። ስሙ የተሰጠው ለእንግሊዙ መኮንን ለኦርድ ዊንጌት ነው፤ በ1941 ከጃንሆይ ጋር ጣልያንን እየወጋ የገባው፣ አዲስ አበባ ያለው ዊንጌት ትምህርት ቤትም በስሙ የተጠራው ሰውዬ። አባቶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል። ከሙሴ ዘመቻ ጀምሮ የእኛን ልጆች የለመደ ቦታ ነው፣ ከሌላ አገር የመጡም አብረው አሉ። ሃዳሳ ኔኡሪም ከኔታንያ በላይ ባሕሩ ዳር ነው፣ ዳቲ ላልሆነ ልጅ ይስማማል። ለመሃል አገር ቅርብ የሚፈልግ ሆሎን አጠገብ ሚክቬ እስራኤልን ይይ፤ ዳቲም ማምላክቲም ግቢው ውስጥ አለ። በ1870 የከፈተው አሊያንስ የሚባለው የፈረንሳይ አይሁዶች ድርጅት ነው፤ ምሁሩን ዮሴፍ ሃሌቪን በ1867 ወደ አያቶቻችን የላከውም ያው ድርጅት ነው። የትኛውንም ስታዩ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ልጁ በየስንት ጊዜው ቤት ይመጣል?

የእርዳታ ቦታዎቹን በአጭሩ። ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ላለ ልጅ የከሰዓት ማጠናከሪያ ሲያስፈልግ፣ ሃፕሮዬክት ሃሌኡሚ የሚባለው የኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ፕሮጀክት በሰፈራችሁ አለ ወይ ብላችሁ ማትናሱን ጠይቁ። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ዕብራይስጥ ይሰጣል። ለግል አስጠኚ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያ ሞክሩ። ፊደል የሚባለው ማኅበር በወላጅና በትምህርት ቤት መካከል የሚቆሙ መገሽሮችን (አገናኞችን) በማሠልጠን ይታወቃል። መድልዎ ሲገጥማችሁ፣ ትምህርት ቤትም ይሁን ሥራ ቦታ፣ ጠበቃ የተባለው ድርጅት አለ፤ በ2000 በእኛው የሕግ ሰዎች የተቋቋመ ነው፣ በአማርኛ ያናግሯችኋል። ዲግሪ ይዞ ጥበቃ ሥራ ላይ የተቀመጠ ልጅ ያለው ኦሊም በያሃድ የሚባለውን ድርጅት ይጠይቅ።

የመዋዕለ ሕፃናትና የአንደኛ ክፍል ምዝገባ ብዙ ጊዜ በጃንዋሪ አካባቢ ነው፣ ትምህርት የሚጀምረው ግን ሴፕቴምበር 1። ቤቱን በበጋ ተረክባችሁ «አሁን እናስመዝግብ» ብትሉ የተረፈ ቦታ ነው የሚደርሳችሁ። የቤት ውሉን እንደፈረማችሁ ቴውዳት ዜሁት (መታወቂያ) እና ውሉን ይዛችሁ ኢሪያው የትምህርት ክፍል ሂዱ። የተከለለላችሁ አካባቢ ካልተስማማችሁ የዝውውር ማመልከቻ አለ፤ ቀነ ገደቡን እዚያው አስጽፉ። «ትምህርት ነፃ ነው» ብላችሁም ኪሳችሁን ባዶ አታድርጉ። የጉዞ፣ የመጽሐፍና የመሳሰለው የወላጅ ክፍያ በዓመቱ መጀመሪያ ይመጣል። ካቃታችሁ ቅናሽ ጠይቁ፣ ፀሐፊዋ ሳትጠየቅ አትነግራችሁም።