ባለ ሁለት መኝታ ቤት ከመከራየቴ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ

በባሕር ዳር፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ወዲህ ባለው ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ስላገኘሁ፣ ውሉን ከመፈረሜ በፊት የምታውቁ ወገኖች እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ውኃው ጣሪያው ላይ ካለው ሮቶ ይወርዳል፤ የመብራት ቆጣሪው ግን ምድር ቤት ካለው ዳቦ ቤት ጋር የጋራ ነው (ምድጃው የሚፈጀውን እናንተው ገምቱት)። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ከመጠየቃቸውም በላይ፣ ውሉ ላይ የሚሰፍረው ዋጋ በቃል ከተስማማነው ግማሹ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ መንገዱ ሲሰፋም ኪራዩ እንደሚጨምር ከወዲሁ ነግረውኛል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ በከተማችን በቅርቡ የኪራይ ውል ያስመዘገባችሁ ካላችሁ፣ የት እንዳስመዘገባችሁ፣ በተለይም የጋራ ቆጣሪ ክፍያን በውሉ እንዴት እንዳሰፈራችሁ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ አይረሳኝም። ደላላው እስከ ቅዳሜ ቁርጡን እንዳሳውቀው ጠይቆኛል።