ሥራዬም ቤቴም አንድ ላይ ተነቃነቁ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል።

ስድስት ዓመት የሠራሁበት አስመጪ ድርጅት ባለፈው ወር ቀነሰኝ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ አላገገመም። አልፈርድባቸውም።

ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የሁለት ዓመቱ የኪራይ ውላችንም ሊያልቅ ነው። አከራያችን ከወዲሁ «ጨምሩ ወይ ልቀቁ» ብለዋል።

በእጄ ያለው የስንብት ክፍያዬ ብቻ ነው። ዕቁብ አለኝ፤ ግን ዕጣው አልወጣልኝም፣ መጣሉ ደግሞ አይቀርም (ዕድሌ መቼም!)።

እሷ «ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ እንግባ» ትላለች። እኔ አዲስ አበባን ከለቀቅኩ ሥራ የማገኝ አይመስለኝም። እሷን ልኬ እኔ ደባል ልግባ? ብሩን ትንሽ ሱቅ ልክፈትበት ወይስ እስክትወልድ አልንካው? እንዲህ ያለ ጊዜ ያለፋችሁ፣ መጀመሪያ የቱን ያዛችሁ?