የራዲያተሩ ውኃ ርጭት ረቂቅ፦ እስከ ቅዳሜ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦ ሌላ ሰመር እንደ አምናው አናሳልፍም። የአውሮፕላናችን የሱባሩ ሞተር ወደ ላይ ስንወጣ 112 ዲግሪ ገብቶ አፍንጫችንን ደፍተን ተመለስን። ረቂቁ ይኸው። ከራዲያተሩ ፊት አራት ኖዝል (ውኃ መርጫ አፍ)፣ የመኪና መስታወት ማጠቢያ ፓምፕ፣ ከወንበሩ ኋላ 10 ሊትር ውኃ። የሚረጨው ስንወጣ ብቻ ነው፤ ቢበዛ 8 ደቂቃ። ለሙከራ ሃንጋር (አውሮፕላኑ የሚያድርበት) ያለውን ቢጫ ጀሪካን እንጠቀማለን። በነፍስ ወከፍ 40 ዶላር።

ገንዘብ ያዥ፦ የፕሮፔለሩን መዋጮ ሦስት ሰው ገና አልከፈለም። ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ጋሽ መካኒክ፦ ውኃው ይሠራል። በደቂቃ አንድ ሊትር ሙሉ በሙሉ ከተነነ ወደ 38 ኪሎዋት ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ግማሹ ሳይተን ነፋስ ጠርጎት ይወጣል በሉና 20 ያዙ። ሪኖ የአውሮፕላን ውድድር ላይ ሙስታንጎቹም፣ የድሮዎቹ ተዋጊ አውሮፕላኖች፣ ይረጩ ነበር፤ እነሱ ግን ለደቂቃዎች ውድድር ነው። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ 35 ዲግሪ ሲሞቅ አየሩ ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ያችኑ የሳሳች አየር ደግሞ በጎን እያፈሰስናት ነው። ትናንት እጄን ሰድጄ አየሁት፤ በራዲያተሩ ዙሪያ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። የተከፈተ በር እያለ ማን በአጥር ይዘላል? መጀመሪያ እሱን በስፖንጅና በአሉሚኒየም ቴፕ ድፈኑ። 15 ዶላር አይሞላም።

ባለኖዝሉ፦ ኖዝሉን ለእኔ ተዉት፣ ሥራ ቦታ ሞልቷል። ሐሙስ ይዤ እመጣለሁ።

የአውሮራው፦ ቆይ፣ ጀሪካን? ውኃ ልንቀዳ ነው ልንበር?

ጸሐፊ፦ ለሙከራ ነው አልኩ እኮ።

የአውሮራው፦ ለሙከራ የገባ ነገር እዚያው እንደሚቀር ከዚህ ማኅበር በላይ የሚያውቅ የለም። የበሩ ሽቦ ስንት ዓመቱ ነው? ኦሽኮሽ የአውሮፕላን ትርኢት ስንሄድ ፈረንጁ ሁሉ ካሜራውን ደቅኖ የሚያነሳው ያንን ጀሪካን ነው።

ተማሪዋ፦ ጀሪካን ምኑ ያሳፍራል? እናቴ በጀሪካን ውኃ እየቀዳች ነው ያሳደገችኝ።

የአውሮራው፦ እኔም ተሸክሜዋለሁ እህቴ። ስለተሸከምኩት ነው የማልፈልገው።

ተማሪዋ፦ ታዲያ የአንተን ትዝታ ለመሸፈን እኛ ለምን እንክፈል?

የአውሮራው፦ ስድ!

ሰብሳቢ፦ በቃ። ሁለታችሁም ተረጋጉ።

ጋሽ መካኒክ፦ ቀለሙን ተዉትና ስሙኝ። ግማሽ የሞላ ጀሪካን ውስጡ ይናጣል። በደንብ ካልታሰረ ነፋስ ሲያንገጫግጨን 10 ኪሎው ማጅራታችን ላይ ነው የሚያርፈው። ክዳኑ መተንፈሻ ከሌለው ደግሞ ፓምፑ ጨምቆ ያጣብቀዋል። የቧንቧ ውኃም አትጠቀሙ፣ ሲደርቅ ኖራው ራዲያተሩን ይደፍነዋል። የተጣራ ውኃ ከሱፐርማርኬት ግዙ።

የአውሮራው፦ ይኸው፣ ጋሼም ጀሪካን አይሆንም አሉ።

ጋሽ መካኒክ፦ አላልኩም።

የአውሮራው፦ የአሉሚኒየም ታንክ የሚበይድ ሰው አለኝ። 310 ዶላር፣ ቀለሙን ጨምሮ። ተማሪዋ፣ ስድ ያልኩሽን ይቅር በይኝ፤ ሌሊት ፈረቃ ነበርኩ።

ተማሪዋ፦ ይሁን። ግን ቀለም ከተቀባ አይቀር ለምን ባንዲራ አናደርገውም?

ገንዘብ ያዥ፦ ኮከብ ያለው ነው የሌለው?

ሰብሳቢ፦ እባካችሁ ይህን ነገር እዚህ አታምጡ! የ2019ኙን ፒክኒክ ረሳችሁት? በአንድ ጨርቅ የተነሳ አራት አባል ነው የሸኘነው።

(ከዚህ በታች ያሉትን 17 መልሶች ሰብሳቢው አጥፍቷቸዋል።)

ጸሐፊ፦ አንድ ነገር ላስታውስ። የምንጨምረው ነገር ትልቅ ለውጥ ነው ከተባለ ለኤፍ ኤ ኤ (ለአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት) ማሳወቅና ቢያንስ 5 ሰዓት ያለ ተሳፋሪ መብረር ይመጣል። የነዳጁን ማን ይከፍላል? ኖዝሉስ የት ደረሰ? ሐሙስ አልፏል።

ጸሐፊ፦ ባለኖዝሉ፣ ማንበብህን እያየሁ ነው።

የአውሮራው፦ ታንኩ 15 ሊትር ይሁን። ከተሠራ አይቀር።

ጋሽ መካኒክ፦ አምስት ኪሎ ተጨማሪ ከወንበር ኋላ? ሚዛኑን ማን አሰላው?

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ 15 ሊትር የአሉሚኒየም ታንክ፣ ነጭ ቀለም፣ ምንም ምልክት የሌለበት። በነፍስ ወከፍ 65 ዶላር። ኖዝልና ፓምፕ በሁለተኛው ዙር ይታያሉ።

ተማሪዋ፦ ማለት የምንሠራው የማይረጭ ታንክ ነው?

ሰብሳቢ፦ ለጊዜው።

ጋሽ መካኒክ፦ ስፖንጁንና ቴፑን ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሃንጋር ነኝ፣ የእጅ ባትሪ የሚያበራልኝ አንድ ሰው ይምጣ። ደረሰኙ 13 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ይህ ረቂቁ ውስጥ የለም። ከየትኛው በጀት ልክፈልዎት?