በገና ቀን ቡናውን እንዴት እምቢ ልበል?

ጤና ይስጥልኝ፣ ምክር ፈልጌ ነው። 19 ዓመቴ ነው፤ ቤተሰቤ አሜሪካ፣ ዩታ ነው፣ ሞርሞን (የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን አባላት) ነን። ለ24 ወር የወንጌል አገልግሎት ጀርመን፣ ፍራንክፈርት መጥቻለሁ። የፈረንጆቹን ገና እማዬን በቪዲዮ እያየሁ እንደምንም አሳለፍኩት። (እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ሚሲዮናውያን ቤት የሚደውሉት በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር፤ እንዴት እንደቻሉት እንጃ።)

የጨነቀኝ የኛው ገና ነው። ትራም ላይ አንዲት እናት ደረቴ ላይ ባለው የስም ባጅ የተጻፈውን የአባቴን ስም አንብበው፣ «ውይ የኔ ልጅ! በዓልን ብቻህን?» ብለው አቀፉኝ። ታኅሣሥ 29 አሜሪካ ካለችው አይዳሆ ከመጣው የአገልግሎት ባልደረባዬ ጋር ጠርተውናል። ዶሮ ወጡን እንኳን ለእኔ ለእሱም አልሰጋም። ግን ጠጅ አንጠጣም፤ ቡናም በእምነታችን ክልክል ነው። ቄጤማ ጎዝጉዘው፣ ቆልተው፣ እጣኑ እየጨሰ አቦሉን ሲዘረጉልኝ ምን ልበል? «ጨጓራዬን ያመኛል» ብሎ መዋሸት አልፈልግም፤ ስለ ሃይማኖት ማስረዳት ከጀመርኩ ደግሞ ቤታቸው ልሰብካቸው የመጣሁ ይመስላል። አስቀድሜ ልደውልላቸው ወይስ እዚያው ልንገራቸው? እናቶች ያላችሁ፣ እንዴት ብላቸው አይከፋቸውም?