አፍተር ኢፌክትስ (የቪዲዮ ኢፌክት መሥሪያው ፕሮግራም) ላይ ፕሪቪው (የሙከራ እይታው) 5 ሰከንድ ላይ ይቆምብኛል፤ ራም ልጨምር ወይስ ላፕቶፕ ልቀይር?

ኪፍሬም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሰርግ ቪዲዮ የ40 ሰከንድ መክፈቻ እየሠራሁ ነው። ኮምፖዚሽኑ (ሥራው የሚቀናበርበት ሸራ) 4ኬ (3840 በ2160)፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ የቀለም ጥልቀቱ 16 ቢት። ስፔስባር ስጫን፣ ራም ላይ የተዘጋጀውን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር 5 ሰከንድ አካባቢ ደርሶ ቀጥ ይላል። ላፕቶፑ ኮር አይ7 8ኛ ትውልድ፣ ራም 16 ጊጋ፣ ጂቲኤክስ 1050፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ እና 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ነው። ፉቴጁ (ጥሬ ቪዲዮው) በስልክ የተቀረጸ፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለ። ምን ልግዛ?

ቀስተ_ደመና፦
ወንድሜ፣ ኪስህን ከመፍታትህ በፊት ሒሳቡን እየው። ፕሪቪው ራም ላይ የሚቀመጠው እያንዳንዱ ፍሬም ሳይጨመቅ ነው። አንድ ፒክስል አራት ቻናል (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እና ግልጽነትን የሚይዘው አልፋ) አለው፤ በ16 ቢት 8 ባይት ይይዛል። 3840 × 2160 × 8 ሲባዛ 66 ሜጋ፤ ይሄ አንድ ፍሬም ብቻ! በሰከንድ 1.66 ጊጋ ማለት ነው። ዊንዶውስና ብራውዘሩ ድርሻቸውን ወስደው ለፕሮግራሙ ቢተርፈው 10 ጊጋ ነው፤ ከዚያም ላይ ፉቴጁና ኢፌክቱ ይካፈሉታል። 5 ሰከንድ ላይ መሙላቱ አይገርምም።

ከኮምፖዚሽኑ መስኮት ሥር «ፉል» (ሙሉ ጥራት) የሚለውን «ሃፍ» (ግማሽ) አድርገው (ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ጄ)። ከፕሮጀክት ፓነሉ ግርጌ 16 ቢፒሲ (ቢት በቻናል) የሚለውን አልት ይዘህ 8 እስኪሆን ተጫነው። አንዱ ፍሬም 8.3 ሜጋ ይሆናል፤ 40 ሰከንዱ፣ ማለትም 1000 ፍሬም፣ 8.3 ጊጋ። ብራውዘሩን ከዘጋህ ለጥቂት ይገባል። ለመጨረሻው ሬንደር (ቪዲዮውን አስልቶ ለማውጣት) ግን ወደ 16 ቢትና ወደ ፉል መልሰው፤ በ8 ቢት ሰማይና ጭስ ላይ ቀለሙ እርከን እርከን ሆኖ ይወጣል።

አልፋ_ቻናል፦
ሒሳቡ ልክ ነው፤ መስመሩ የሚሞላበትን ፍጥነት ግን ሙሉ በሙሉ አያስረዳም። የስልክ ቪዲዮ (ኤች.264 ወይም ኤችኢቪሲ) አብዛኛውን ፍሬም የሚያስቀምጠው ከጎረቤቱ ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። አንዱን ለማሳየት ሌሎቹን መፍታት ግድ ይለዋል፤ ወደ ኋላ ስትስብ የሚንተፋተፈው ለዚህ ነው። ደግሞ ፍሬም ሬቱ (በሰከንድ የሚታየው የፍሬም ብዛት) ስለሚዋዥቅ ድምፅና ከንፈር ይለያያሉ። የምትጠቀምበትን ቁራጭ ብቻ በሚዲያ ኢንኮደር (የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም) ወደ ፕሮሬስ 422 ኤልቲ (እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው የሚያስቀምጥ የቪዲዮ ዓይነት)፣ በቋሚ ፍሬም ሬት ቀይረው። በ4ኬ ለአንድ ደቂቃ 2.5 ጊጋ ገደማ ይወስዳል፣ ስለዚህ ሙሉውን ሰርግ እንዳትቀይር!

ዲስክ ካሹንም (የተዘጋጁ ፍሬሞች ዲስክ ላይ የሚቀመጡበትን) ወደ ኤስኤስዲው አዙር፦ ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ሚዲያ ኤንድ ዲስክ ካሽ። 50 ጊጋ ስጠው፣ ኤስኤስዲውን ግን ጢም አታድርገው። ሰማያዊው መስመር ከዚያ ነው የሚነበበው።

ሶፍትና_ሃርድ፦
ላፕቶፑን አትቀይር። የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ እሱን ለብቻው መቀየርም አይታሰብም። መጀመሪያ ታስክ ማኔጀር ከፍተህ ሬንደር እያደረግህ የሲፒዩውን ፍጥነት ተመልከት። ከ3 ጊጋኸርዝ በላይ ጀምሮ ከ2 በታች ከወረደ፣ ወይ ቻርጀር አልሰካህም ወይ ፋኑ በአቧራ ታፍኗል። አስጠርገህ የሲፒዩውን ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) አስቀይር። ራም ከገዛህ ሁለት ባለ 16 ጊጋ ዲዲአር4 ይሁን፤ አንድ ብቻውን ከተሰካ በአንድ ቻናል (የመረጃ መስመር) ብቻ ነው የሚሠራው። እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍተህ 32 ጊጋ መታየቱን ሳታይ እንዳትከፍል።

ኪፍሬም፦
ሃፍና 8 ቢት አድርጌ አሁን እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ፋኑም ተጠርጓል። ግን ከ12ኛው እስከ 18ኛው ሰከንድ ያለው አሁንም ይንፏቀቃል።

አልፋ_ቻናል፦
ቨርዥንህ 22 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ታይምላይኑ ግርጌ በግራ በኩል የቀንድ አውጣ ምልክት አለች፤ ተጫናት። እያንዳንዱ ሌየር (ድርብርብ) እና ኢፌክት ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ ታሳይሃለች።

ኪፍሬም፦
ካሜራ ሌንስ ብለር (የማደብዘዣ ኢፌክት) ነው፤ ከሌሎቹ ድምር ይበልጣል።

ቀስተ_ደመና፦
ገምቼ ነበር። የጀርባው ብርሃን ክብ ክብ ሆኖ መታየት ካላስፈለገው በፋስት ቦክስ ብለር ተካው፣ ኢተሬሽኑን (ድግግሞሹን) 3 አድርገህ። ካስፈለገው ደግሞ ሌየሩን ፕሪኮምፖዝ አድርገህ (በራሱ ኮምፖዚሽን ውስጥ ከተህ)፣ በፉልና በ16 ቢት ወደ ፕሮሬስ 4444 አውጥተህ በቦታው አስገባው። አልፋው እንዳይጠፋ አውትፑት ሞጁሉ ላይ «አርጂቢ ፕላስ አልፋ» ምረጥ።